ጤነኛ የተባለው ደም

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉልኝ። እግራችሁን ዘርጉና ስሙኝ፤ ወሬው የደም ቢሆንም ማንም አይደማበትም።

ጋሽ ጠብታ የሚሏቸው የላቦራቶሪ ሰው ነበሩ። ስሙ የወጣላቸው ጠብታ ሲለኩ ትንፋሻቸውን ስለሚውጡ ነው። ሚስታቸውን የስኳር በሽታ ነጥቋቸዋል፤ መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ እግሯን፣ በመጨረሻ ሁለመናዋን። ከዚያ ወዲህ የቀራቸው ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ የሚሠሩበት የምርምር ክፍል ሳይዘጋ ፍሬውን ማየት።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀይ የደም ሴል በጠባቧ የደም ሥር ሲሽሎከለክ «ክፈቱልኝ» እንደማለት ያለ መልእክት ይለቃል፤ ሥሯም ሰፋ ትልለታለች። መልእክቱን እንዲለቅ ከሚቀሰቅሱት አንዷ ከኢንሱሊን ጋር አብራ የምትወለድ ሲ-ፔፕታይድ የምትባል ብጣቂ ነገር ናት። ስኳር ያጠቃው ሴል ግን ይገግማል፤ ፔፕታይዷ ብታንኳኳም እንደ ደንቆሮ ዝም ይላል። ሴሉ ከሰማ መልእክቱን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ ብርሃን ይታያል፤ ካልሰማ ጨለማ ነው። የክፍሉ ሐሳብ ያን የገገመ ሴል ዳግም ጆሮ መስጠት ነበር።

ታዲያ የበሽተኛው ደም ከጤነኛ ደም ጎን ካልተለካ ውጤቱ አይታመንም። ጤነኛውን ደም የሚሰጡት ራሳቸው ጋሽ ጠብታ ናቸው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ተመርምረው «ጤነኛ» ተብለው ተመዘገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸው የለም። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች፣ «አንተስ ለምን አትታይም?» ስትላቸው፣ «የኔ ደም የሌላው መለኪያ ነው፤ ሚዛን ይመዘናል እንዴ?» እያሉ ያስቋት ነበር።

አንድ ሰኞ እንደ ልማዳቸው ደማቸውን ቀዱ፣ ፔፕታይዷን ጨመሩ፣ አዩ። የበሽተኛው ጨለማ፤ የሳቸውም ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ሲደበዝዝ ከርሞ ጨለማ። ማክሰኞም ያው።

«ፔፕታይዷ ተበላሽታለች» አሉ ለክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጃቸው ለምትሆነው ዶክተር።

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? የቀረን ሁለት ብልቃጥ ነው። ዓርብ ውጤት ካላሳየን ይዘጉናል።»

«ልጄ፣ ጥርሴን የነቀልኩበት ሥራ ነው!» አሉና አንዱን ብልቃጥ ደፉት።

ረቡዕ የመጨረሻው ተከፈተ። አሁንም ጨለማ። ጋሽ ጠብታ ኮዳቸውን አንስተው ውሃ ተጎነጩ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ኮዳ ነው።

«ጋሼ፣ ግመል ሊሆኑ ነው እንዴ?» አለች ዶክተሯ እየሳቀች።

«ሙቀቱ ነው ልጄ።»

«ዝናቡ በመስኮት እየገባ?»

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ኮዳውን አየች፣ በክሳት የላላውን ቀበቷቸውን አየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እስቲ የኔን ይቅዱልኝ።»

ቀዱላት። የቀረችውን ፔፕታይድ ጨመሩ። መሣሪያው ውስጥ ብርሃኑ ቦግ አለ። ፔፕታይዷ ደህና ነበረች። በዚያ ብርሃን እልል ማለት ይገባ ነበር፤ ዶክተሯ ግን መርፌ አነሣች።

ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ስኳራቸውን ለካች። ቁጥሩን ስታሳያቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መድኃኒት አለው እኮ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ቶሎ ከያዝነው...»

«ስለኔ አይደለም ልጄ። የዓመቱ ወረቀት ሁሉ... በሽተኛን በበሽተኛ ስለካ ነው የከረምኩት። ደህናዋን ብልቃጥም በገዛ እጄ ደፋሁ።»

የፈሰሰ አይታፈስም፤ ለተጨማሪ ሙከራ የሚሆን ጠብታ አልነበረም። ዓርብ ክፍሉ ተዘጋ።

ጋሽ ጠብታ ከመውጣታቸው በፊት የደማቸውን ብልቃጥ አነሡ። «ጤነኛ» የሚለውን ሰርዘው «ስኳር» ብለው ጻፉበት። ጽሑፉን አዩት፤ ሚስታቸው ታማ ሳለች የደሟ ብልቃጦች ላይ «ስኳር» ብለው ሲጽፉበት የኖሩት ያው የእጅ ጽሑፍ ነው። «ይኸው ታየሁልሽ» አሉ። መድኃኒታቸውን ኪሳቸው ከተው በዝናቡ ሄዱ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ትንሽ ነው። ለሁሉ መለኪያ የሆነ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጡና «አንተስ?» በሉት። ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ።