የሐጂ ዓብዲዓዚዝ የግራ ጫማ

ሩማን ግድግዳ ላይ መጮኽ የጀመረችው ረመዳን ባለፈ በሳምንቱ ነው። ቀይ ፀጉሯ አገጯ ሥር የሸበተ፣ የዘኪያ ልጅ ሰልዋ ሳትወለድ የነበረች አሮጊት ድመት ናት። ዘኪያ ከድሬዳዋ ወደ ሐርጌሳ ስትመጣ በዘንቢል አድርጋ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ታቅፋ ነው ያመጣቻት። ያን ጊዜ ድንበር ላይ ዘንቢሉን ሊፈትሽ እጁን የሰደደውን ሰውዬ ቧጭራ አስጩኻው ነበር። አሁን ግን ጥግ ከገባች መውጫው ይጠፋታል። ግንባሯን ግድግዳው ላይ ታስደግፍና ሰው የሞተባት ይመስል ትጮኻለች። ምሳዋን በልታ አፏን ልሳ ሳትጨርስ፣ ከትናንት ጀምሮ የጾመች መስላ ሳህኑ ፊት ትቆማለች።

ዘኪያ ደግሞ ሲፈጥራት ስጉ ናት። ሰልዋ ሁለቴ ካስነጠሰች ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ክሊኒክ የምትሮጥ እናት ናት። ስለዚህ የሳምቡሳ መጥበሻዋን ከእሳት አውርዳ፣ ሩማንን በዚያው በአሮጌው ዘንቢል ይዛ ከብት ገበያው አጠገብ ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ሄደች። ሐኪሙ የግመል እግር ሲያክም ደረሰች። ከዘንቢሉ ብቅ ያለውን ጭንቅላት ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

“ይቺን ነው ያመጣሽልኝ?”

ዓይኗንና ጥርሷን ካየ በኋላ ግን ሳቁን ተወው።

“አርጅታለች እህቴ። የሰው አእምሮ በእርጅና እንደሚደክመው የእሷም ደክሟል። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የለኝም። ዕቃዋን ከለመደችው ቦታ አታንቀሳቅሱባት። ስትጮኽ ደግሞ ድምፅሽን አሰሚያት። አሞኛል ማለቷ አይደለም፣ ጠፍቶብኛል ነው የምትልሽ።”

ዘኪያ ይህን እንደ ዶክተር ትእዛዝ ቃል በቃል ያዘችው። የፕላስቲክ ሳፋ አንድ ጎኑን በቢላ ቆርጣ ዝቅ አደረገችና አሸዋ ሞልታ፣ ለሩማን መጸዳጃ እንዲሆን ግቢው ውስጥ የውኃ ሮቶው ሥር አኖረችው። ሳህኗን ከበሩ በስተቀኝ፣ መኝታዋን ከራሷ አልጋ ሥር አደረገች። ሩማን ስትጮኽ፣ ዘኪያ ሊጥ እየዳመጠችም ሆነ ልብስ እያጠበች፣ “እዚህ ነን፣ ሩማን!” ትላለች። ሩማን ዝም ትላለች። ኑሮ እንደዚያ ተለምዶ ሊቀጥል ነበር፣ የኢፍቲን ነገር ባይመጣ ኖሮ።

ኢፍቲን የግቢው ባለቤት የኢዶ ካልቱን ልጅ ናት። ኢዶ ሶማሌዎች አክስታቸውን የሚጠሩበት ነው፤ ዘኪያም ካልቱንን የምትጠራት እንደዚያ ነው። ካልቱን ሶማሊላንዳዊት ትሁን እንጂ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ሁለቱም የድሬ ልጆች ስለሆኑ አንቱታ የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም። አማርኛ ደግሞ የሁለቱ የምሥጢር ሣጥን ነው። ገበያ መካከል ቆመው ስለ ባለሱቁ አፍንጫ፣ በባለሱቁ አፍንጫ ሥር ያወራሉ። ባለሱቁም ፈገግ ብሎ ቲማቲሙን ይመዝንላቸዋል።

“ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ለኢፍቲን ይመጣሉ፣” አለች ካልቱን። “ከቡርዖ ድረስ። ግቢው መስታወት መምሰል አለበት።”

መስታወት ለማስመሰል የጀመረችው ከሩማን ሳፋ ነው። ከሮቶው ሥር አንሥታ ከቤቱ ጀርባ ወረወረችው። ሩማን መጣች፤ ሮቶውን ዞረች፤ እንደገና ዞረች፤ ሳፋው የለም። አፉ ዝቅ ያለ፣ ውስጡ ጨለማ የሆነ ነገር ስትፈልግ የኢፍቲንን ጫማ አገኘች። በማግስቱ የዳሂርን ደገመች። ዳሂር የካልቱን ታላቅ ወንድም ነው፤ እንግዶቹን የሚቀበለውም እሱ ነው።

ካልቱን የወንድሟን ጫማ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ የዘኪያ በር ላይ ቆመች።

“ስሚ፣ አንቺ። ሐሙስ ዕለት ይቺ ድመትሽ እንግዶቼ ፊት አንዲት ነገር ብታደርግ፣ በጆንያ ከትቼ ከብት ገበያው ጀርባ ነው የማስጥላት።”

“ኢዶ፣ ሳህኗ አጠገብ ቆማ ሳህኗን የምታጣ ፍጡር እዚያ ምን ትሆናለች?”

“እሱን ለድመቷ ንገሪያት።”

ዘኪያ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሽማግሌ ሲመጣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ምንጣፍ ላይ ለመቀመጥ ጫማውን በረንዳው ላይ ያወልቃል። አምስት ሽማግሌ፣ አምስት ጥንድ ጫማ፣ አፉ የተከፈተ። 

ሐሙስ ደረሰ። እንግዶቹ ሽታቸው እስከ መንገድ የሚሰማ ሽቶ ተቀብተው፣ በትራቸውን ይዘው ገቡ። ፊተኛው የሙሽራው አጎት ሐጂ ዓብዲዓዚዝ ናቸው፦ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው በሒና የቀላ፣ ጫማቸው ቡናማ ቆዳ። የመጨረሻው ሰው ሳሎን እንደገባ ዘኪያ በጓሮ በኩል መጣችና ጫማውን በሙሉ በልብስ ማጠቢያ ገበቴ ሰበሰበች። ወደ ራሷ ክፍል ወስዳ በግድግዳው ዳር ደረደረች፤ ቆለፈች፤ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች። ለማንም አልተናገረችም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ብልህ ሥራ የሠራች አልመሰላትም።

ማድ ቤት ስትገባ ሰልዋ ሐልዋ እየበላች አገኘቻት።

“ሩማንን ደብቂያት ብዬሽ አልነበር? የት አደረግሻት?”

“መኝታዋ ላይ፣ አልጋሽ ሥር። ተኝታለች።”

“የት?”

“አልጋሽ ሥር ነዋ፣ እማ።”

ዘኪያ ደረቷን በእጇ ያዘች። ቁልፉ እዚያ ነው። ድመቷና አምስቱ ጥንድ ጫማ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ልትሮጥ ስትል ሳሎኑ ተንጫጫ። ካልቱን መስኮቱ ሥር ጆሮዋን ለጥፋ ነበር፤ በእጇ ምልክት ጠራቻት። ውስጥ ሐጂ ዓብዲዓዚዝ በሶማሊኛ፣ “ሠርጉ በዚህ ወር ይሁን፣ ልጅቷም ወደ ቡርዖ ትምጣ፣” ይላሉ። ዳሂር ደግሞ፣ “የነርስነት ትምህርቷ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ ሳትጨርስ ንቅንቅ አትልም፣” ይላል። አንዱ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሌላው ከእሱ በላይ ከፍ ያደርጋል።

“እንግዲያው ነገራችን አልተገጣጠመም፣” አሉ ሐጂ፣ በትራቸውን አንሥተው ቆሙ። አራቱም አብረዋቸው ቆሙ።

ካልቱን ፊቷ ጨው መሰለ። ሻዩ ገና አልቀረበም። ሻይ ሳይቀምስ የወጣ ሽማግሌ ተመልሶ አይመጣም። ኢፍቲን ደግሞ ልጁን እንደምትወደው ግቢው ሁሉ ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ወጡና ቆሙ። ቁልቁል አዩ። ባዶ ሲሚንቶ ነው።

“ጫማችንስ?” አሉ ሐጂ ዓብዲዓዚዝ በሶማሊኛ።

ካልቱን እንግዶቹን በፈገግታ እያየች፣ ፈገግታውን ሳትነካ በአማርኛ ወደ ዘኪያ ወረወረች።

“ጫማቸው የት ገባ?”

“እኔ ክፍል። ሩማን እንዳትደርስበት ብዬ ቆልፌበታለሁ።”

“ቁልፉስ?”

“ደረቴ ውስጥ።”

የካልቱን ፈገግታ ይበልጥ ሰፋ። “ጎሽ! እዚያው ይቆይ።”

“ምን?”

“በባዶ እግሩ እስከ ቡርዖ የሚሄድ ሽማግሌ አይተሻል? ሻይ እስኪጠጡ ድረስ ቁልፉ ጠፍቷል።”

“አይሆንም ኢዶ! ሩማንም እዚያው ውስጥ ናት!”

“ከጫማው ጋር?”

“ከጫማው ጋር።”

ፈገግታው ካልቱን ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያው ሰዓት ከተቆለፈው ክፍል ረጅም ጩኸት ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ካልቱን በሶማሊኛ፣ “የጎረቤት ሕፃን ነው፣ ጥርስ እያበቀለ ነው፣” አለች።

ዘኪያ አንድ ሐሳብ መጣባት። ከየት እንደመጣባት እሷም አታውቅም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ገበያ ላይ ቲማቲም እንኳ ተከራክራ አትገዛም ነበር።

“እሺ፣ እንዳልሽ ቁልፉ ጠፍቷል። ግን ሩማን ምንም ብታደርግ አትባረርም በዪ።”

“አንቺ ሴት! እንግዳ ፊት ትደራደሪኛለሽ?”

“ውስጥ ሲደራደሩ አልነበር?”

“ዘኪያ!”

“አለበለዚያ አሁኑኑ ልክፈተውና በሰላም ይሂዱ።”

“ወላሂ አትባረርም! ወላሂ! በቃ?”

“በቃ።”

ካልቱን ወደ እንግዶቹ ዞራ በሶማሊኛ ማር ሆነች። ጫማው ፀሐይ እንዳይመታው ክፍል ውስጥ እንደገባ፣ ይቺ ተከራይዋ ግን ቁልፍ አስቀምጣ የምትረሳ ምስኪን እንደሆነች፣ እስኪገኝ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቢቀምሱ ምን እንዳለበት ተናገረች። ሐጂ ዓብዲዓዚዝ ባዶ እግራቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ትንሽ አሳላቸው። ከዚያ ማንም ሳይለምናቸው ፊተኛ ሆነው ተመለሱና ተቀመጡ።

አሁን ዘኪያ የጠፋ ቁልፍ መፈለግ ነበረባት። ዱቄት ውስጥ ፈለገች። የሳምቡሳ ትሪውን አነሣች፣ መለሰች። የሮቶውን ክዳን ከፍታ ውስጡን አየች። ሰልዋ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላለች፤ ልክ ሳሎኑ መስኮት ሥር ሲደርሱ በአማርኛ ጮክ ብላ፣ “እማ፣ ቁልፉ ደረትሽ ውስጥ አይደለም እንዴ?” አለች።

ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ሻይ ትን አለው።

“ዝም በዪ!” አለች ዘኪያ፤ ፊቷ ተቃጠለ። ከክፍሏ ጩኸቱ ሲደገም በሩን ተጠግታ፣ “እዚህ ነን፣ ሩማን፣ እዚህ ነን፣” አለች በሹክሹክታ። “እባክሽን፣ ትንሽ ያዢው።” ሩማን ዝም አለች። ይህ ዝምታ ከጩኸቱ ይበልጥ አስጨነቃት።

ሳሎን ውስጥ ግን ነገሩ ተለውጦ ነበር። ሻዩ በወተት የፈላ፣ ሐልዋው ትኩስ ነው። አንዱ ሽማግሌ የተሰነጠቀ ተረከዙን እያሳየ በጓደኞቹ ተስቆበታል። ሐጂ ዓብዲዓዚዝ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨርሰው አስቀመጡ።

“ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ፣” አሉ። “ቡርዖ እንደሆነ የትም አይሄድም።”

ዳሂር እጃቸውን ጨበጠ። ስምምነቱ እንዲጸና ፋቲሓ ተቀራ። ማድ ቤት ውስጥ ኢፍቲን ሰልዋን አቅፋ እንደ ሕፃን ዘለለች። ዘኪያ አልዘለለችም። ቁልፉን “አግኝታ” ሮጠች።

ክፍሉን ስትከፍት ጫማዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ሩማን መካከላቸው ተቀምጣ በር በሩን ታያለች። ዘኪያ በጥድፊያ ሁሉንም ገበቴው ላይ ጫነች፤ ውስጣቸውን ለማየት አልደፈረችም። በረንዳው ላይ ደረደረችላቸው። አንዱ አጠለቀ። ሌላው አጠለቀ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ምንም አላሉም። ሐጂ ዓብዲዓዚዝ ቀኙን አጠለቁ፤ ግራውን አስገቡና ቀጥ አሉ።

“ውስጡ ረጥቧል፣” አሉ በሶማሊኛ።

“ሽቶ ነው!” አለች ካልቱን ሳትተነፍስ። “የወደድነው እንግዳ ጫማ ላይ ሽቶ እንረጫለን!”

ሐጂ እግራቸውን አወጡ፤ ጫማውን አንሥተው አሸተቱ።

“ይህን ሽቶ አውቀዋለሁ። እኛም ቤት አንዲት አሮጊት ድመት ትረጫለች።”

ካልቱን ፈገግ እንዳለች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ በአማርኛ፣ “ነገ ማለዳ፣ በጆንያ፣” አለች ለዘኪያ።

“ወላሂ ብለሽ የለም እንዴ?” አሉ ሐጂ ዓብዲዓዚዝ።

በአማርኛ ነው ያሉት። ጥርት ባለ የድሬዳዋ አማርኛ።



“ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ነው ያደግኩት፣” አሉ ሐጂ። “ባቡር ጣቢያው አጠገብ።”

“ሁሉንም... ሰምተዋል?” አለች ካልቱን። በዕድሜዋ የማታውቀው አንቱታ በዚያች ደቂቃ ተገለጠላት።

“ከቁልፉ ጀምሮ።”

ዘኪያ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ካልቱን ግን እንዲህ በቀላሉ አትረታም።

“ታዲያ ዝም ብለው ሻዬን ጠጡ?”

“ምን ላድርግ? ተቆጣሁና ተነሣሁ። ከተነሣሁ በኋላ ልጅቷ ትማር ማለታችሁ ትክክል እንደሆነ ገባኝ። ግን አራት ሰው አስነሥቼ እንዴት ብዬ ልቀመጥ? ምክንያት ስፈልግ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጫማዬ ጠፋልኝ።”

ሩማን ከተከፈተው ክፍል መጥታ የግራ እግራቸውን አሸተተች፣ ጭንቅላቷን አሻሸችበት፤ ከዚያ ለምን እንደመጣች ረሳችና በረንዳው መካከል ቆመች። ሐጂ ጎንበስ ብለው ጆሮዋን ነካ አደረጉ።

“የእኛዋ የዱቄት ጆንያ ላይ ነው የምታደርገው። እኔ ዕድለኛ ነኝ፣” አሉ። “ለሠርጉ ስመጣ ይቺን እዚሁ ማግኘት እፈልጋለሁ፣ ካልቱን። መሐላሽን የሰማሁት እኔ ነኝ።”

አንድ እግራቸው ጭብ ጭብ እያለ፣ በክብር ወጡ።

በሩ ተዘጋ። ሰልዋ ከቤቱ ጀርባ ሳፋውን እየጎተተች መጥታ ሮቶው ሥር፣ ድሮ ቦታው ላይ አደረገችው። ካልቱን አየቻት፤ አልከለከለቻትም።

“ዘኪያ፣” አለች በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ያ ባለሱቅ... ባለ አፍንጫው... አማርኛ ያውቅ ይሆን እንዴ?”

ዘኪያ ቲማቲሙን ሲመዝን ያለውን ፈገግታ አስታወሰች። ነገሩን አዲስ ጭንቀት አድርጋ ልትይዘው ስትል፣ ከማድ ቤቱ ጥግ ያ የታወቀ ጩኸት ተነሣ። ሩማን ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓለምን ትጣራለች። ዘኪያ አፏን ከፈተች። ካልቱን ቀደመቻት።

“እዚህ ነን!” ብላ ጮኸች። “እዚህ ነን፣ አንቺ ጫማ አበላሺ! የት እንሄድብሻለን!”

ሩማን ዝም አለች።