ጉድጓድ አይመረቅም

የከተማው ጽዳት ቢሮ ኃላፊ ለመሐንዲሷ አጎቷም አለቃዋም ናቸው። አሳድገዋታል፣ አስተምረዋታል፤ ስለዚህ ፊርማዋን ሲጠይቋት የራሳቸውን ዕቃ መልሰው የሚወስዱ ያህል ቀለላቸው። ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል የተባለው ማሽን እንዲገዛ አንድ ባለሙያ «ይሠራል» ብሎ መፈረም አለበት። ቢሮው ያለው ባለሙያ ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

«በይ ፈርሚና ምሳ እንብላ» አሏት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምድጃ ነው። የእኛ ከተማ ቆሻሻ የጎመን ቅጠል፣ የፈረጠ ቲማቲም፣ የሙዝ ልጣጭ ነው። ሾርባ ይነዳል እንዴ?»

የማሽኑ ሻጭ ከሶፋው ላይ ፈገግ አለ። ፈገግታው እንደ ከረባቱ ጠዋት ታስሮ ማታ የሚፈታ ዓይነት ነው። «ናሙናው እኮ ተፈትኗል። እንደ ደረቅ እንጨት ነው የተንቀለቀለው።»

«ከየት የተወሰደ ናሙና?»

«ከዚሁ፤ ከቢሯችሁ ቅርጫቶች።»

መሐንዲሷ ወደ አጎቷ ዞረች፤ አጎቷ ወደ ጣሪያው። ቢሮው ከተቋቋመ ጀምሮ ከወረቀት በቀር ያመረተው ነገር ስለሌለ፣ ከእሱ ቅርጫት የተሻለ ማገዶ በእርግጥም አይገኝም።

«ለእኛ የሚሆነን ባዮጋዝ ነው» አለች። «እርጥቡን ጉድጓድ ውስጥ ዘግቶ ማብላላት። ጋዙ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ዝቃጩ ማዳበሪያ ይሆናል።»

«ጉድጓድ» አሉ ጋሼ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው። «ልጄ፣ ጭስ ማውጫ ከሩቅ ይታያል። ጉድጓድ ማን መርቆ ያውቃል? እንግዶቹን አፋፍ ላይ ደርድሬ ‹ጎንበስ በሉና እዩልኝ› ልበል?»

«ካልነደደስ?»

«የማይነደው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነዋ።»

ሻጩ ሳቀ። እሷም ሳቀችና ብዕሩን አነሳች። ጋሼ እፎይ ብለው ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። ከፊርማው ቦታ በላይ ጎላ አድርጋ ጻፈች፦ «ይህ ማሽን የሚሠራው የከተማው ሕዝብ ምግብ ማብሰል ትቶ ወረቀት ብቻ መጣል ሲጀምር ነው።» ከዚያ ፈረመች።

ጋሼ አንብበው ሲጨርሱ ድምፃቸው ቀጠነ። «ያሳደግኩሽ ለዚህ ነው?»

«ስዋሽ በኩርኩም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ምን ላድርግዎ?»

«ሰርዥው። አለዚያ ከነገ ጀምሮ መቃብር አስተዳደር ክፍል ነሽ።»

«እዚያም የሚበሰብስ አይጠፋም፤ ሙያዬ አይዝግም» ብላ ወጣች።

«ሌላ መሐንዲስ የላችሁም?» አለ ሻጩ።

ጋሼ ግን ግቢው ውስጥ የከባድ መኪና ጩኸት ሰምተው ወደ መስኮቱ ሄደው ነበር። በበሩ ሲያልፍ ያስቆመችው የአትክልት ተራው ቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ነው፤ ከኋላው እሷ ቆማ በእጇ «ና፣ ና» ትላለች። ሾፌሩ ጭነቱን ከሻጩ አዲስ መኪና አጠገብ ገለበጠው። ቡናማው ጭማቂ እየፈሰሰ ከጎማው ሥር ገባ።

መሐንዲሷ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ናሙና አምጥቻለሁ። ክብሪት ይወርውሩልኝ።»

ጋሼ ክምሩን አዩት፣ የእህታቸውን ልጅ አዩዋት። ኪሳቸውን ዳብሰው ክብሪቱን አወጡና ወደ ሻጩ ዘረጉ።

«በል እንግዲህ፣ አንተ ውረድና አንድድላት።»

ሻጩ ከሶፋው አልተነሳም።