ከክሩ የተረፈው

ዶክተር ማርያማዊት የመቀሷን ጫፍ ከክሩ ሥር አሾለከችና ቆረጠችው። ከሕፃኗ ትንሽ ጣት ጎን የተንጠለጠለችው ስድስተኛ ጣት አብጣ ጠቁራለች።

"ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ፈሂማ፣ የሕፃኗ እናት የኩብራ አማት። "ነገ ከነገ ወዲያ በራሷ ትወድቅ ነበር። ይቺ ናት አላስችል ብሏት ከአሊዩ አምባ ደብረ ብርሃን ድረስ ያንከራተተችኝ።"

ኩብራ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ጣቷ ከታሰረች ወዲህ ልጅቷ ጡት በወጉ አልያዘችም፤ ሕክምናውን ሳትጨርስ ከተመለሰች ደግሞ ክሩ ዳግም መታሰሩ አይቀርም።

ዶክተሯ ጣቷን ዳበሰቻት። "አጥንት የላትም። አደንዝዘን እዚሁ እናነሳታለን፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። በቤተሰብ እንዲህ ያለው ሰው አለ?"

"የለም" አለች ኩብራ።

"እንዴት የለም? እኔስ?" አሉ ፈሂማ። "እናቴ በፈረስ ጭራ አስራ ጣለችልኝ። ይኸው፣ ምን ሆንኩ?"

ኩብራ አምስት ዓመት አብራቸው ስትኖር ይህን አልሰማችም። የአማቷን እጅ ሳብ አድርጋ አየች። ከትንሿ ጣት ሥር ምስር የምታህል ጉብታ አለች። ጫን አደረገቻት። ፈሂማ እጃቸውን መነጨቁ።

"ያምምዎታል እንዴ?"

"ኪንታሮት ናት። ማጭድ ስጨብጥ ብቻ ነው የምትቆጠቁጠኝ።"

"ኪንታሮት አይደለችም፣ እናቴ" አለች ዶክተሯ። "ክር ቆዳውን ይጥላል እንጂ ሥሩን አያነሳም። ነርቩ እዚያው ቀርቶ ነው።"

ፈሂማ ጉብታዋን አገላብጠው አዩ። "ነርቭ ደግሞ ምን ይመስላል?"

"ቀጭን ነጭ ክር።"

"አትቀልጂብኝ፣ አንቺ ልጅ።"

ኩብራ የስምምነት ወረቀቱን ፈረመች። ዶክተሯ ጓንቷን እያጠለቀች፣ "ከአንድ ሰው በላይ አይቆይም። እናት ትቆይ፤ እርስዎ ውጪ ይጠብቁን" አለች።

ፈሂማ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱ። ኩብራ ከልጇ መለየት አልፈለገችም፤ ያቺ ነጭ ክርም አጓጉታታለች፤ በዓይኗ ልታያት ፈልጋለች። ግን የባሏ ወንድም ሚስት ሰብሪና በሚመጣው ወር ትወልዳለች። ልጁን ተቀብለው ጣቶቹን የሚቆጥሩት፣ ትርፍ ካገኙም የሚያስሩት ፈሂማ ናቸው።

ሕፃኗን አማቷ ክንድ ላይ አስቀመጠች።

"እማ፣ እርስዎ ይቆዩ።"

"እኔ? እናቷ አንቺ አይደለሽ?"

"ነጩን ክር ቀረብ ብለው ይዩት" አለችና ወጥታ በሩን ዘጋች።