የሕፃኑ አልጋ

አናጢው ከሚስቱ ጋር በተጋቡ በዓመታቸው ለሚወለደው ልጅ ትንሽ አልጋ ሠራ። ካህኑ «እግዚአብሔር ቃሉን አያጥፍም፤ ልጅ ይሰጣችኋል» ብለዋቸው ነበር። አሥራ አራት ዓመት አለፈ፤ ልጅ አልመጣም። ዘንድሮ ካህኑ ለልደት በዓል ግርግም እንዲሠራላቸው ሲጠይቁት አልጋውን አቧራውን ጠርጎ ተሸከመው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆመችበት። «የልጄን አልጋ ወዴት ልትወስደው ነው?»

«ቃል የገባልን እሱ አይደል? እንግዲህ የራሱ ልጅ ይተኛበት።»

«ኧረ አፍህን ያዝ!» አለችው፤ ግን መንገዱን ለቀቀችለት።

በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ሲዘምር እሷ አልጋው ላይ በሕፃኑ ጌታ ምሳሌ ወደተኛው አሻንጉሊት ጠጋ ብላ፣ «አንተስ መጣህ፤ የእኔን የት ጥለኸው ነው?» አለችው።

ባሏ እጇን ሊይዝ ሲል መነጨቀችው። ቆይታ ግን ራሷ እጁን ያዘችው።