የሮስሊን ቃታና የፈርገስ ቃታ

ሮስሊን ባኔት ቀናተኛ ሴት አልነበረችም። ይህን የምለው የምትቀናበት ሰው ከመምጣቱ በፊት ስለነበረው ዘመን ነው።

ከኪንግስተን ተነስተን ሆባርት ከተማ ወንዝ ዳር እስካለው ፋብሪካችን ድረስ ጠዋትና ማታ በእሷ መኪና አብረን እንመላለስ ስለነበር ከማንም በላይ አውቃታለሁ። እኔ ቫል ነኝ፣ ከስፌት ክፍል። የምንሠራው ለዓሣ አጥማጆች የሚሆን ነፍስ አድን ጃኬት ነው። ሲለብሱት ቀጭን ማንገቻ ይመስላል፤ የለበሰው ሰው ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ግን በራሱ ይነፋል። የሚያስነፋው ቃታው ነው። ውሃ ሲገባበት ውስጡ ያለችው የጨው ክኒን ትሟሟለች፣ የታፈነው ሞላ ይፈናጠራል፣ መርፌው የጋዙን ቀለህ ይበሳዋል። ያንን ቃታ የፈለሰፈችው ሮስሊን ነበረች፣ ገና በወጣትነቷ። በምሥራቁ ጠረፍ በየወደቡ ስሟን አሳጥረው "የሮዝ ቃታ" እያሉ ይጠሩታል። መጠጥ ቤት ስንገባ አንድ ፂማም ሽማግሌ ተነስቶ ወንበር ይለቅላታል። እሷም "ኧረ ተቀመጥ!" እያለች ትቀመጣለች።

ከዚያ ፈርገስ መጣ። ከሜልቦርን የመጣ ረጅም፣ ትሑት ልጅ ነው፤ ሲስቅ አንገቱን ይሰብራል። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ቃታ ሠራ፤ ከሮስሊን ቃታ ያነሰ፣ የቀለለ፣ እርጥበት የማይደፍረው። አለቃችን ክላይቭ ፓይበስ ድሮ አንድ ነገር ሲቸግረው "ሮዝ የት አለች?" ነበር የሚለው። አሁን "ፈርገስን ጥሩልኝ" ማለት ጀመረ። ሮስሊን ይህን ስትሰማ ሻይዋን ማማሰል ታቆማለች። ሌላ ምንም አታደርግም፤ ማንኪያዋ ብቻ ቀጥ ይላል።

ክላይቭ አንድ ቀን ወደ መፈተኛው ክፍል ገብቶ፣ "ሮዝዬ፣ ሁለቱን ቃታዎች አወዳድሪልኝ። አዲሱ ከበለጠ ለክረምቱ እሱን ይዘን እንወጣለን" አላት።

"የራሴን ልጅ ከሰው ልጅ እኔው ላወዳድር? ይኼ ደግ ነው?"

"አንቺ ምን አገባሽ? አንቺ ትነክሪያለሽ፣ የሚፈርደው ኮምፒውተሩ ነው።"

ከየዓይነቱ መቶ መቶ ናሙና ወሰደች። በጨው እንፋሎትና በምድጃ ሙቀት ጠበሰቻቸው፤ በጀልባ ላይ ዓመታት የሚያደርሱባቸውን ጉዳት በሳምንታት ለማድረስ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ገንዳ ውስጥ ጣለቻቸው። በጊዜው ያልተነፋ ከሸፈ ይባላል። ከመቶው ሰማንያውን ደንቡ በሚያዘው ለብ ያለ ውሃ፣ ሃያውን ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ ነከረች፤ የቆየ ልማዷ ነው። ሲያልቅ ቁጥሮቹን ለስታቲስቲክሱ ፕሮግራም አቀበለችው።

ከእሷ ቃታ አሥራ ስድስት ከሽፏል፤ ከፈርገስ አምስት። ፕሮግራሙ እንዳለው፣ ሁለቱ ቃታዎች በእውነት እኩል ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለ ልዩነት በዕድል ብቻ የሚመጣው ከመቶ ሁለቴ ያህል ነው። በዕድል ማመካኘት አይቻልም ማለት ነው።

ውጤቱን ሰው በተሰበሰበበት ራሷ አነበበችው። ክላይቭ የፈርገስን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ልጁ ፊቱ ደም መስሎ፣ "እኔ እኮ ሁሉንም የተማርኩት የሮዝን ቃታ ፈትቼ ነው" አለ።

ማታ መኪና ውስጥ፣ "ሰማሽው?" አለችኝ። "ፈትቼ ነው አለ። እንደ አሮጌ ሰዓት!"

"ሊያመሰግንሽ ፈልጎ ነው።"

"አውቃለሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።"

"ሮዝ፣ ቀንተሻል።"

"አልቀናሁም።"

"መብራቱ ቀይ ነው፣ ቁሚ!"

ፍሬኑን ረገጠችው።

ከዚያ በኋላ ያን ውጤት መገነጣጠል ያዘች። ከመፈተኛው ክፍል አልወጣም አለች። በቀለሁ ዓይነት ከፈለችው፣ ምንም የለም። በምድጃው መደርደሪያ፣ በላይኛውና በታችኛው ከፈለችው፣ ምንም የለም። በሳምንቱ ቀን ሁሉ ሳይቀር ሞከረችው። የምትፈልገውን ራሷ ታውቃለች፤ የፈርገስ ቃታ የሚያፍርበትን አንዲት ቀዳዳ። በመጨረሻ በውሃው ሙቀት ስትከፍለው እጇ ቀጥ አለ። ከፈርገስ አምስት ክሽፈት አራቱ የመጡት ከሃያዎቹ የቀዝቃዛ ውሃ ናሙናዎች ነው። የእሷ ቃታ በቀዝቃዛው ውሃ የከሸፈው አንዴ ብቻ ነበር።

ደስታዋን አልደብቃችሁም። እሷም አልደበቀችኝም፤ ስፌት ክፍል ድረስ መጥታ ጆሮዬን ይዛ ነው የነገረችኝ። ወዲያው ደግሞ ፊቷ ወደቀ።

"ችግሩ ግን፣ ቫል፣ ከሃያ ሃያ ናሙና አራት ለአንድ ምንም አይደለም። ፕሮግራሙን ጠየቅኩት፤ ይኼ በዕድል ከሦስት አንዴ ይመጣል አለኝ። በዚያ ላይ አንድን የቁጥር ክምር በብዙ መንገድ ከቆራረጥሽው አንዱ ቁራጭ የምኞትሽን መልክ ይዞ መውጣቱ አይቀርም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የማስተምር እኔ ነኝ። አሁን ያየሁት እውነት ይሁን ቅናቴ ይሁን አላውቅም።"

ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። "ቀናሽም አልቀናሽም፣ እዚህ አገር ሰው የሚወድቀው ለብ ያለ ገንዳ ውስጥ አይደለም" አልኳት።

ክላይቭ ዘንድ ሄደች። በሩ ክፍት ስለነበር የሰማነው ብዙ ነን።

"ሮዝ፣ እለምንሻለሁ፣ ተይው" አለ ክላይቭ። "የክረምቱ ትእዛዝ ገብቷል። ፈተናውን አንቺው ሠራሽ፣ ውጤቱን አንቺው አነበብሽ። አሁን ደግሞ ያልወደድሽውን ውጤት ልትቦጭቂ ነው?"

"እኔ ያልኩት እንደገና እንፈትን ነው። ከሽፏል አላልኩም።"

"ልጁ በለጠሽ። በቃ! ሰው ይበለጣል፣ እኔም ተበልጬ አውቃለሁ።"

ስትወጣ ጆሮዋ ሁሉ ቀልቶ ነበር። አንዷ ሴት ሳል ያዛት፤ ሳሏ ሳቅ ነበረበት። ፈርገስ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ አቀረቀረ። ሮስሊን ዝም ማለቱን ብቻ ነው ያየችው። "ደስ ብሎታል" አለችኝ በማግስቱ ጠዋት መኪና ውስጥ። እኔ እንኳ አልመሰለኝም።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ፈርገስ የመፈተኛውን ክፍል በር አንኳኳ። እኔ የተቀደዱ ጃኬቶች ልወስድ ገብቼ እዚያው ነበርኩ።

"ያገኘሽውን አሳዪኝ" አላት።

"ምን ያደርግልሃል? ቀንታ ነው ብለዋል እኮ።"

"ቀንተሻል?"

እንዲህ ፊት ለፊት ይጠይቃታል ብዬ አላሰብኩም። እሷም አላሰበችም። "አዎ" አለችው። "ስትስቅ እንኳ አልወድህም።"

"እሺ" አለ ልጁ። "አሁን ቁጥሩን አሳዪኝ።"

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ፣ "ሃያ ያንሳል" አለ።

"ያንሳል። ስማኝ፤ እንደገና የሚፈተን ከሆነ እኔ አልነካውም። ናሙናውን አንተ ምረጥ፣ አንተ ንከር፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንተ አስገባ። ግን ስንት እንደምንነክርና ምኑን ከምኑ እንደምናወዳድር ቀድመን እንማማላለን። ካለቀ በኋላ መቆራረጥ የለም። ለእኔም የለም፣ ለአንተም የለም።"

ተስማሙ። ከየዓይነቱ ሰማንያ፣ ሁሉም በቀዝቃዛ ውሃ። ናሙናዎቹ እንደገና በእንፋሎትና በምድጃ እስኪያረጁ ክረምቱ ደጃፍ ላይ ደረሰ፤ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ አናቱ በበረዶ ነጭ ሆነ። ፈርገስ ከዓሣ ገበያ በረዶ በካርቶን እየተሸከመ አምጥቶ ገንዳው ውስጥ ገለበጠ። ሮስሊን ከመስታወቱ ውጭ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ቀብራ። ቃታ በገባ ቁጥር አያታለሁ። የልጁ ሲከሽፍ ከንፈሯ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይኮማተራል። እንዲከሽፍ ትፈልጋለች፤ መፈለጓንም ትጠላዋለች።

የፈርገስ አሥራ አምስት ከሸፈ። የእሷ አራት። ልጁ ቁልፉን ራሱ ተጭኖ ጠበቀ፤ በዕድል የሚመጣው ከመቶ አንዴ ገደማ፣ አለ ፕሮግራሙ። ፈርገስ የከሸፈ ቃታ አንስቶ በጥፍሩ ፈለቀቀው። መርፌውን የሚያሳልፈው የፕላስቲክ ቀለበት ከብርዱ የተነሳ ጠንክሮ ሞላውን አንቆታል።

መሬት ላይ ተቀመጠ፣ እርጥቡ ላይ። "አንድ ሰው ይሞትብኝ ነበር" አለ።

ሮስሊን ገባች። አሸንፋለች፤ ፊቷ ግን የአሸናፊ አልነበረም። ፎጣ ወረወረችለትና፣ "ተነስ፣ ቂጥህ ይበርዳል" አለችው።

ክላይቭ አዲሱን ቃታ አስቆመ። በዓሣ አጥማጆቹ ክበብ የክረምት እራት ላይ ተነስቶ ግን ያለው ይህ ነው፦ "የገዛ ሥራውን በገዛ እጁ ፈትኖ የጣለ ወጣት አይቼ አላውቅም! ለፈርገስ ጽዋ አንሱ!" ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሮስሊን አጠገቤ ሆና ስካሎፕ የተባለ የዛጎል ዓሣ የተሞላበትን ኬኳን በሹካ ትበሳለች። ፈርገስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፣ "ያየችው ሮዝ ናት" አለ። "እኔ አላየሁትም ነበር። ማንም አላየውም ነበር።" ሰዎቹ ወደ እኛ ዞረው አጨበጨቡ፤ ለሽማግሌ ዘፋኝ እንደሚጨበጨበው፣ ለስለስ አድርገው።

"ጥሩ ልጅ ነው" አለችኝ ወደ ቤት ስንመለስ። "ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ጠልቼው እተኛ ነበር።"

በኋላ ሁለቱ አብረው ተቀመጡ። እርጥበት የማይደፍረው የእሱ ክኒንና ብርድ የማያጠነክረው የእሷ የብረት ቀለበት ተጣምረው ከሁለቱም የተሻለ ቃታ ወጣ፤ በለብታውም በበረዶውም ተፈተነ፣ አለፈ። ስም ሲወጣለት ክላይቭ በፈርገስ ስም ጠራው። ፈርገስ ተከራከረ። ሮስሊን፣ "ተወው፣ በየወደቡ የሮዝ ቃታ ሞልቷል" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደተነቀለ ጥርስ ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት፣ ከደቡብ ጠረፍ ማዶ በሌሊት ማዕበል ከጀልባ የተወረወረች አንዲት ወጣት ሴት ወደ ፋብሪካችን መጣች። ያዳናት ሁለቱ አብረው የሠሩት አዲሱ ቃታ ነው። እናቷን ይዛ፣ ገና ፊቷ በገመድ እንደተላጠ። ክላይቭ ፈርገስን አስጠራው፣ ልጅቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ። እኔ ሮስሊንን ልጠራ ሮጥኩ። መፈተኛው ክፍል ውስጥ ቆማ አገኘኋት፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ሁሉንም ትሰማ ነበር።

"ነይ እንጂ!"

"ናሙና ምድጃ ላይ አለኝ" አለች። ምድጃው ጠፍቶ ነበር።

ማታ መኪናዋ ውስጥ ገብተን ቀበቶ ስናስር፣ መስታወቱን እያስተካከለች፣ "ያቺ ልጅ እንዴት ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት። እጇ ትንሽ ተሰብሯል እንጂ።"

"እሰይ። እግዜር ይመስገን" አለች፣ ከልቧ፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ቁልፉን አስገባች፣ ግን አላዞረችውም። "ብዙ ነው ያቀፈችው?"

"ብዙ" አልኳት። ልዋሻት አልቻልኩም።

ራሷን ነቀነቀች፣ ሞተሩን አስነሳችና ወደ መንገዱ ወጣን።