ሃያውን የሚሰግድ ሰው

ፈድል የወንድሙን ነጭ ፒክአፕ ከአንዲት ብርማ መኪና ኋላ ለጥፎ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። በአሜሪካዋ ዲርቦርን ከተማ፣ በየመኖች ሰፈር ያለው የመስጊድ ግቢ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሚሠራበት ፋብሪካ ዛሬም አቆይቶት የምሽቱ የኢሻ ሶላት ከተጀመረ በኋላ ደረሰ።

"እዚያ አይሆንም!" አሉ ሽማግሌው ሙቅቢል፣ ብርቱካንማ ሰደሪያቸውን እንደለበሱ እየሮጡ መጥተው። በረመዳን መኪና የሚያስተናብሩት እሳቸው ናቸው። "ሰው ዘጋህ እኮ፣ ልጄ!"

"ዓሚ ሙቅቢል፣ አጎቴ፣ የናሽዋን መኪና መሆኗን አጡት? ናሽዋን ሃያውን የሚሰግድ ሰው ነው።"

"ቢሆንስ?"

"ስምንት ሰግደው ውልቅ የሚሉትን ብዘጋ ይፍረዱብኝ። እሱ ከእኔ በፊት አይወጣም።"

ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ሌላ መኪና ጡሩንባ ሲነፋባቸው ግን ወደዚያ ሄዱ። ፈድል ያለው ውሸት አልነበረም። እዚህ መስጊድ ለረመዳን የሌሊት ሶላት፣ ለተራዊህ፣ የሚመጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ስምንት ዙር፣ ስምንት ረከዓ፣ ሰግዶ የሚሄድና ሃያውን የሚጨርስ። ማን የትኛው እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ከሃያ ሰጋጅ ኋላ መኪና ማቆምን እንደ ነውር የሚያይ የለም።

ኢሻው ሲያበቃ ፈድል በሰዉ መሃል ተሽሎክሉኮ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቦታውን ያዘ። "ቦታዬ" ይላታል፣ የገዛት ይመስል። ስልኩ የጮኸበትን ሰው በዓይኑ የሚገላምጠው፣ ልጅ አስከትሎ የመጣውን የሚገሥጸው፣ ስለ ሶላት ሥርዓት ሳይጠየቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። ሰዉም ይፈራዋል፤ እሱ ግን መከበር ይመስለዋል።

ኢማሙ ረጅም የቁርኣን ምዕራፍ እየቀሩ ሳለ ከውጭ ጡሩንባ ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ።

"የት ያደገ ባለጌ ነው?" አለ ፈድል በልቡ። ወዲያው ነጩ ፒክአፕ ትዝ አለው። ለከባድ ጉዳይ ሶላት ማቋረጥ እንደሚፈቀድ ያውቃል። ስንቱን አስተምሮበታል። ግን ናሽዋን ሃያውን የሚሰግድ ሰው ነው፤ እሱ ሊሆን አይችልም። እንዲህ እያለ ራሱን አባበለ።

ኢማሙ ሁለት ረከዓ ጨርሰው ሲያሰላምቱ ሙቅቢል ከበሩ ጮኹ። "ነጭ ፒክአፕ ያቆመ ሰው! በአላህ ይሁንባችሁ፣ ይውጣ! አስቸኳይ ነው!"

ሁለት መቶ ያህል ራስ ዞረ። ለመውጣት የእነዚህን ሰዎች አንገት መሻገር አለበት፤ ያን ሁሉ ተግሣጽ የሰጠ ሰው፣ በሁሉም ፊት። በቀኙ ያለው ሰውዬ ወደ እሱ ዘንበል አለ።

"ምን ዓይነት እንስሳ ነው፣ በረመዳን ሰው የሚዘጋ?"

"ሰው ጠፍቷል፣" አለ ፈድል። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ኢማሙ ለሚቀጥለው ረከዓ ቆሙ፤ ፈድልም አብሮ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ጡሩንባው ዝም ሲል እፎይ አለ።

ሶላቱ አልቆ ሲወጣ ሙቅቢል ፒክአፑን ተደግፈው ይጠብቁት ነበር።

"የናሽዋን እናት ናቸው፣" አሉት። "ከሆስፒታል ደውለው 'ድረስ' አሉት። አበደብኝ ልጁ! ጡሩንባ ነፋ፣ መኪናህን በእጁ ሊገፋ ታገለ። በሰጋጅ ፊት አቋርጬ እንዳልጠራህ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነህ። በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው ሶላቱን ትቶ በራሱ መኪና ወሰደው።"

"ደረሰ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ስምህን አልነገርኩትም። መንገሩ ያንተ ነው።"

አልደረሰም። እናቱ ሐጃ ወርዳ በማግስቱ ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ከቀብር መልስ ናሽዋን በመስጊዱ አዳራሽ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፤ ፈድል ከሙቅቢል ጎን ሆኖ አንገቱን ደፍቷል።

"ነርሷ እጇን ይዛላት ነበር፣" አለ ናሽዋን፣ ለማንም ሳይሆን። "ደግ ሴት ናት። ግን ለሚሞት ሰው የሚባለውን ሸሃዳ ከየት ታውቀዋለች? 'እናትህ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፣ የሚሉት ግን አልገባኝም' አለችኝ። ጆሮዋ ላይ የሚልላት ሰው አጣች። አንድ ልጇ እኔ ነበርኩ።"

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

"ያን ሰውዬ ይቅር ብዬዋለሁ፣" ሲል ቀጠለ። "ረመዳን ነው፣ ቂም ይዤ አልጾምም። ማን እንደሆነ ግን እንዳትነግሩኝ። ካወቅኩት ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ ከጎኑ መስገድ አልችልም።"

ሙቅቢል ምንጣፉን ማየት ጀመሩ። ፈድል ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ በልቂስ ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። ሁሉንም ነገራት። ጭልፋዋን እንደያዘች አየችው።

"ራሱ ይቅር ካለህ ምን ትነካካዋለህ? 'አትንገሩኝ' ያለ እሱ አይደል? ሆድ ይፍጀው።"

"የእኔ ሆድ አልቻለውም፣ በልቂስ።"

"ቻለው! ነግረኸው አንተ ቀለል ሊልህ፣ እሱን ደግሞ ልታቃጥለው?"

እውነቷን መሰለው፤ ሲያፈጥርም ሳምቡሳው አልወርድ አለው።

የዚያን ምሽት ቀድሞ ሄዶ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቆመ። ሰዉ ሲገባ ከግራው ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ ቆመበት፤ ናሽዋን ነበር። ዓይኑ አብጧል።

"ቀብር ስለመጣህ አላህ ይስጥህ፣ ፈድል፣" አለው በዝግታ። "እማዬ ትወድህ ነበር። 'ያ ቁጡ ልጅ ልቡ ንጹሕ ነው' ትል ነበር።"



"ረድፋችሁን አስተካክሉ!" አሉ ኢማሙ። "ትከሻ ለትከሻ ግጠሙ፣ ክፍተት አትተዉ!"

ናሽዋን ጠጋ አለ። ትከሻው የፈድልን ትከሻ ነካ፤ ሞቃት ነበር፣ በድካምም ይንቀጠቀጣል። ፈድል በልቂስን አሰባት፤ ሰውየውን ላለማቃጠል ዝም ማለት ደግነት ይመስላል። ግን ናሽዋን አብሮት መቆም የማይችለውን ሰው በገዛ አፉ ተናግሯል። እሱ ደግሞ አሁን የዚህን ምስኪን ትከሻ ሳያስፈቅድ እየወሰደ ነው። ከሶላቱ በኋላ እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። እንደማይነግረውም ወዲያው አወቀ፤ ትናንት እዚሁ ቦታ ላይ ቆሞ ዝም ብሏልና።

ኢማሙ ሶላቱን ሊጀምሩ ጀርባቸውን ሰጡ።

ፈድል ትከሻውን አላቀቀ፣ ወደ ናሽዋን ዞረና በቀኙ ያለው ሰውዬም በሚሰማው ድምፅ፣ "የዘጋሁህ እኔ ነኝ፣" አለው።