አለቃው ሲያጎነብስ

አበልጅ አይሳደብም። እኛ ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው። የሰውን ልጅ ክርስትና ካነሳሽ በኋላ አባትየውን ዕድሜ ልክሽን "እርስዎ" ትይዋለሽ፤ ቢያሳርርሽም ምላስሽን ነክሰሽ ዝም ነው። ከጀርባውማ ያው እንደ ማንም "እሱ" ነው። ለዚህ ነው አበልጄ ኒካኖር የእኛን የእርሻ ሠራተኞች አድማ ትቶ ሰላጣ ማሳው ውስጥ የገባ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌን ዘግቼ የከረምኩት። እኔ ኤዱቪጌስ፣ ቪቼ የሚሉኝ! አፌን! እዚህ ሳሊናስ እኔ ዝም ካልኩ ሰው ታመመች ብሎ ሾርባ ይዞ ይመጣል።

ኒካኖር ተራ ሰው ቢሆን ማን ጉዳዩ። ግን እሱ የገባበት ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ይገባሉ፤ የአጎቱ ልጆች፣ የአገሩ ልጆች፣ ሁሉም የእሱን ፊት እያዩ ነው። እነሱ ካሉ ሰላጣው ይኮተኮታል። ሰላጣው ከተኮተኮተ ባለእርሻው ምን ቆርጦት ያናግረናል? እሱ ከወጣ ግን ማሳው ባዶ ነው።

ደግሞ የምንጣላው ስለምን መሰላችሁ? ስለ አጭሯ ነው። አጭሯ የምንላት ዶማ እጀታዋ ክንድ አታክልም፤ ቀኑን ሙሉ ለሁለት ተጣጥፈህ ነው የምትኮተኩታት። ተቆጣጣሪያችን ካቦው ይወዳታል፤ ከሩቅ ሆኖ ማን ቀና እንዳለ ያይባታላ። የኒካኖር ሚስት ኩካ ሱቅ ስታገኘኝ "አበልጄ፣ ጀርባው አልቋል፤ ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ" ትለኛለች። እና ለዚያች ዶማ ብሎ ነው ጥሎን የገባው!

ዙሌማ የምትባል ልጅ አለች፤ ከአትክልት ማሸጊያው የተባረረች፣ እሳት የላሰች። "ማሳ ውስጥ ላሉት ቲያትር እንሥራላቸው" አለችን። እኔ ቲያትር ስትል መጋረጃ ያለው መስሎኝ ቀሚሴን ተኩሼ ሄድኩ። ለካ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው! የሚጠና የለ፣ የሚነበብ የለ። ማን እንደሆንክ ካርቶን ላይ ተጽፎ አንገትህ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ያፍህን ትናገራለህ።

እኔ አለቃው ነኝ፦ የአሳማ ጭምብል፣ ሆዴ ላይ ትራስ፣ አፌ ላይ ሲጋር። አድማ ሰባሪው ደግሞ ቶሪቢዮ ነው፤ ያ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሦስት መበለት ባንዴ የሚያጫውት ሽማግሌ። አንደኛዋን ስሟን አልናገርም፤ ቤቷ ዳቦ ቤቱ አጠገብ ነው።

እንግዲህ ጉዴን ልናገር። ማንበብ አልችልም። ለሰው "መነጽሬ ተሰብሮ ነው" እላለሁ፤ ከተሰበረ ስድስት ዓመቱ ነው። የአለቃው ካርቶን ቀይ ገመድ፣ የአድማ ሰባሪው ነጭ ገመድ ስለነበረው ግን ተቸግሬ አላውቅም። ለካ እነ ኒካኖር ማሳ በሄድንበት ቀን ዋዜማ ካርቶኖቹን ጉም አርሷቸው፣ ዙሌማ እንደ አዲስ ጽፋ ገመዱን እንደመጣላት አስራዋለች። እኔ ቀዩን አጠለቅኩ፤ ነጩን ቶሪቢዮ አንገት ላይ ጣልኩለት። እሱም አላየ፤ ዓይኑ ሴቶቹ ላይ ነበር።

መኪናውን ማሳው ዳር አቆምን። ከእነ ኒካኖር የሚለየን አንድ ቦይ ብቻ ነው። ሁሉም አጎንብሰዋል፤ ቀና ብሎ የሚያየን የለም።

"ዝቅ በል!" ብዬ ጮህኩ። "ቀና ስትል እንዳላይህ!"

"እሺ ጌታዬ!" አለ ቶሪቢዮ፣ አጭሯን ይዞ እጥፍ ብሎ።

መንገድ ዳር ያሉት አድመኞች በሳቅ ፈነዱ። እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ የሳቁ መስሎኝ ነበር።

"እማማ ቪቼ!" አለች ዙሌማ ከታች። "ካርቶኑ!"

"አየሽው? ያምርብኛል አይደል?"

ቶሪቢዮ ደረቱን አየ። "እንዴ! ለካ አለቃው እኔ ነኝ! እርስዎ አድማ ሰባሪ ነዎት!"

ደነገጥኩ፤ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ማንበብ አልችልም ልበል? "አለቃ ከሆንክማ ይበልጥ አጎንብስ!" አልኩት።

ከማሳው ውስጥ አንድ ድምፅ "ዝቅ! ዝቅ! ካቦው ያይሃል!" አለ። ከኒካኖር የአጎት ልጆች አንዱ ነበር። ሌላውም ተቀበለው። ቶሪቢዮ ሰይጣን ነው፤ ወዲያው ገባው።

"ወይኔ ወገቤ!" አለ ወገቡን ይዞ። "ይቺን ዶማ የሠራት ማን ነው?"

"አንተው ነህ!" አሉ ከዚህም ከዚያም።

"በሉ ረጅም እጀታ አምጡልኝ! እኔ እኮ አለቃ ነኝ፤ ያመኛል!"

ይሄኔ ኒካኖር ወገቡን ደግፎ ቀስ ብሎ ቀና አለ። "እንዲህ አይደለም የምትያዘው!" ብሎ ጮኸ። "ይኼ ሰውዬ ሰላጣ ኮትኩቶ ያውቃል?"

"የምታውቅ ከሆነ መጥተህ አሳየና!" አለ ቶሪቢዮ።

ኒካኖር ቦዩን ተሻገረ። "አበልጄ፣ ቀስ ይበሉ" ብዬ እጁን ይዤ መኪናው ላይ አወጣሁት። የአለቃውን ካርቶን ከቶሪቢዮ አንገት አውልቆ አጠለቀ። ሲጋሩን ካፌ ነጠቀኝ። አጭሯን ሰጠኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አንቺ አሮጊት! ዝቅ በይ!"

አንቺ! ሃያ ዓመት አበልጅ ሆነን አንቺ! ግን አለቃ ነዋ፤ ምን ላድርገው? አጎነበስኩ።

"ዝቅ ብያለሁ ጌታዬ፤ ከዚህ በታች መቃብር ነው።"

"ጀርባዬን አመመኝ ያልሽ እንደሆነ ጀርባ የማያመው አመጣለሁ! ውኃ ጠማኝ ብትይ ሰላጣውም ጠምቶታል!" ዝም ብሎ የሚያወጣው መሰላችሁ? ካቦው የሚላቸውን ነው፤ አንድም አልጨመረም። ማሳው ውስጥ ያሉት ቀና እያሉ መሳቅ ጀመሩ፤ በኋላ ሳቁ ቀረና ያዳምጡት ጀመር። እሱም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ካቦው ትናንትና እኮ እንዲህ ነው ያለኝ" አለኝ በሹክሹክታ።

ካቦው እየሮጠ መጣ። "ኒካኖር! አሁን ካልተመለስክ ነገ እንዳላይህ!"

ኒካኖር ዞሮ አየው። ከዚያ ሲጋሩን ወደ እሱ ቀሰረ።

"ማነው ከአለቃ ጋር የሚጮኸው? ተባረሃል!"

አቤት የዚያን ጊዜ ሳቅ! ኩካ ከአድመኞቹ መሃል ሆና እያለቀሰች ትስቃለች። ሰዎቹ ዶማቸውን እየጣሉ ቦዩን ተሻገሩ፤ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ። የቀሩትን ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን ለጊዜው ይዤዋለሁ፤ ሊወጡ ይችላሉ።

ባለእርሻው ሐሙስ እንነጋገር ብሎ ልኳል። እሺ ይበል አይበል ማን ያውቃል። ኒካኖር ይሄዳል፣ ዙሌማ ትሄዳለች፣ እኔንም ነይ ብለውኛል። ኩካ ነገሩ ቢረዝም ብላ በስስ ቂጣ ባቄላ የሞላ ቡሪቶ ልትጠቀልልልን ነው።